የግራው እግር ሂሳብ

አንድ እግር። የግራው፣ ከጉልበት በታች ያለው በሙሉ፣ ከነጣቶቹ። ለአደጋ የተጋለጠው ሂሳብ ይህን ያህል ነበር፤ ጎሚስታው ደግሞ በስልሳ ስምንት ዓመቱ ምን እንደተያዘበት ሳያውቅ ድርድር ገብቶ አያውቅም። አሁን በጀርባው ተንጋሎ ጣራ ያያል። እንዲተኛ ነግረውታል። መጋረጃውን ስበው፣ መብራቱን አጥፍተው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይንዎን አልከደኑም፣ እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ ብለውት ሄደዋል፤ ግን በጠራራ ቀን፣ ያውም በጀርባው፣ ያውም ቀኝ እግርዎን እንዳያጥፉ፣ ራስዎን ከትራስ ቀና እንዳያደርጉ፣ ሳል ከመጣብዎ ብሽሽትዎን በእጅዎ ተጭነው ይሳሉ ተብሎ፣ ማን ይተኛል? በዚያ ላይ የታመመው ግራው ሆኖ የተበሳው ቀኙ ነው። እሱ ሱቅ አንድ ሰው የግራ ጎማ ተንፍሶበት መጥቶ የቀኙን ቢፈቱበት ጩኸቱ ሦስት ሠፈር ይሰማ ነበር። ሲያስረዱት ግን ገባው፦ ቀጭን ቱቦ በቀኝ ብሽሽት ትገባለች፣ ሽቅብ ትወጣለች፣ ትልቁ ደም ሥር ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስትደርስ ትዞራለች፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ግራው ወርዳ የረጋውን ደም መጥጣ ታወጣለች። ይህን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። መግቢያውን የሚያውቅ ባለሙያ የትም ቢሆን ባለሙያ ነው። ቱቦዋ ስትወጣ ደግሞ ነርሷ ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ቀዳዳውን በሁለት እጇ ተጭና ያዘችለት፤ አላወራችም፣ ስልኳን አላየችም፣ እጇንም ከጊዜው በፊት አላነሳችም። ልጥፍ እንዲህ ነው የሚያዘው። ሱቁ ውስጥ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ለማግኘት ስንት ሠራተኛ ቀጥሮ ስንቱን አባረረ።

ነገሩ የሆነው ትናንት ሱቁን ሊዘጋ ሲል ነው። ክሪኩን ከመኪናው ሥር እየሳበ ሳለ የግራ እግሩ ድንገት የሌላ ሰው እግር ሆነበት። መጀመሪያ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ በቢላ የሚሰነጥቁት መሰለው። ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ሲያወልቅ፣ ለዓመታት አብሮት የሠራው ረጅሙ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "አለቃ፣ ይሄ እግር እኮ ኖራ የተቀባ ግድግዳ መስሏል" አለው። "ትንሽ ካሸሁት ይሞቃል።" "ምኑን ነው የምታሸው? ተነስ!" ረጅሙ በብብቱ ይዞ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ መኪና ውስጥ ይጨምረዋል፤ እሱ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ፣ "ኮምፕሬሰሩን አጥፍተሃል?" ይላል። "አለቃ፣ አሁን ኮምፕሬሰር ነው የሚታይህ?" "አጥፍተሃል ወይ?" "አጥፍቻለሁ!" "የጓሮውን በርስ?" ረጅሙ መልስ አልሰጠውም። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ አልሰጠውም። ስለዚህ አሁን፣ ጣራ እያየ፣ እግሩን ከማሰቡ እኩል የጓሮውን በር ያስባል፤ ተዘግቷል? ክፍት ነው? ሰው ገብቶ ቢሆን መጀመሪያ የሚወስደው አዲሶቹን ጎማዎች ነው፣ አሮጌዎቹን ማንም አይነካም፣ አሮጌ የሚነካው የለም፣ ከሐኪም በስተቀር።

እግሩን ያመመው ግን ትናንት አይደለም። ከቤቱ እስከ ሱቁ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፣ በቀኝ በኩል ሱቆች ተደርድረዋል፤ በፊት በአንድ ትንፋሽ ይሄደው ነበር። ከዚያ አንድ ክረምት ላይ ባቱ እንደ ጭምቅ ልብስ መጠምዘዝ ጀመረ። ሲቆም ይለቀዋል፣ ሲሄድ ይይዘዋል። መንገድ መሀል ቆሞ እግሩን የሚያሽ ሽማግሌ መሆን ስላልፈለገ መስኮት ማየት ጀመረ፦ መነጽር ቤቱ ጋ ይቆማል፣ መነጽሮቹን አንድ በአንድ ያያል፣ ሲለቀው ይሄዳል፤ ጫማ ቤቱ ጋ ይቆማል፤ መጋረጃ ቤቱ ጋ ይቆማል። የመጋረጃ ቤቷ ባለቤት ደንበኛ ያገኘች መስሏት ናሙና ይዛ መውጣት አበዛች። አንዴ፣ ሁለቴ ሸኛት፤ በሦስተኛው ይሉኝታ ያዘውና ገዛ። ይኸው ዛሬም ድረስ ጎማ ቤቱ ጓሮ፣ መስኮት በሌለው ግድግዳ ላይ፣ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ረጅሙ የመጣ ሰው ሁሉ በጠየቀው ቁጥር፣ "አለቃ መስኮቱን ሊያስመጣ ነው" ይላል። በመጨረሻ ሐኪም ጋ ሄደ፤ የጭኑ ደም ሥር ጠቧል አሉት፣ በውስጡ ትንሽ የሽቦ ወንፊት አስገብተው ሰፋ አደረጉለት፣ ባቱም ለቀቀው። መጋረጃ ቤቱን ሳይቆም ሲያልፍ ባለቤቷ ቅር እንዳላት ያስታውሳል። ሲወጣ ሁለት መድኃኒት አዘዙለት፦ አንዷ አስፕሪን፣ ነጯ፣ የሚያውቃት፤ ሌላዋ ጠዋትና ማታ የምትዋጥ፣ ከምስር ብዙ የማትተልቅ፣ ቢጫ።

ያኔ ነው ሂሳብ የሠራው። የሁለቱም ስም ከነማብራሪያው ሲነገረው፣ እሱ ከማብራሪያው የወሰደው ሁለቱም ደም ማቅጠኛ መሆናቸውን ብቻ ነው። ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ። በሙያው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ የሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ሲለጥፍ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አድርጎ አያውቅም፤ የደረሰበት የደረሰው በዚህ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ እህቱ በስልክ፣ "እግሬን ይይዘኛል፣ ደረጃ አልወጣ ብሎኛል" አለችው። እህቱ ስድስት ዓመት ትበልጠዋለች፣ አገር ቤት ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። እግሬን ይይዘኛል! አባታቸውም እንዲሁ እያነከሰ ነበር የኖረው። የዘር ነው፤ አለቀ። ነጯን ለራሱ አስቀረ፣ ቢጫዋን በመንገደኛ ላከላት፤ በወር በወሩ፣ በካልሲ ጠቅልሎ፣ ስምንት ወር ሙሉ። አንድ የሐኪም ትእዛዝ ለሁለት ሰው በቃ። እሁድ እሁድ ይደውላል፤ ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ "እግርሽ እንዴት ነው በኔ መድኃኒት?" ይላታል። "እንደ ሚዳቋ ነው የምዘለው!" ትለዋለች። ስልኩን ዘግቶ ለራሱ ሳቅ እያለ ሻይ ያፈላል። በሕይወቱ ብዙ ነገር ልኳል፤ ጫማም፣ ብርድ ልብስም፣ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያም፤ እንደ ቢጫዋ ያስደሰተው ግን የለም፣ ምክንያቱም ይቺኛዋን ከኪሱ አይደለም ከገላው ቀንሶ ነው የላካት፣ ይህንንም ለማንም ባይናገርም እሱ ያውቀዋል።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ መጣች። አጭር ናት፣ ፈጣን፣ ብዕሯን ጠቅ ጠቅ የምታደርግ። ስልክ አውጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። እዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አስተርጓሚ ማለት ፊት የሌለው ድምፅ ነው፣ ቢሮ ውስጥ ይሁን አልጋው ውስጥ አይታወቅም፣ መጀመሪያ መለያ ቁጥሩን ይናገራል፣ ቀጥሎ "የሚባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ፣ የራሴን አልጨምርም" ይላል። ጎሚስታው በዚህ ሁልጊዜ ቅር ይለዋል። በእነሱ፣ በዚህ አገር ሰዎች ቋንቋ ከግብር ቢሮ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ከአከራይ ጋር፣ ከጎማ አስመጪ ጋር ተጨቃጭቋል፤ ነገሩ ወደ ገዛ ደሙ ሲመጣ ግን ቃሉ ያልቅበታል።

"ጋሼ፣ ሁለቱንም መድኃኒት በየቀኑ ይወስዱ ነበር ወይ ትላለች።"

"አስፕሪኗን አንድም ቀን አላጓደልኩም።"

"ቢጫዋንስ? ጠዋትና ማታ?"

"ቢጫዋን ለእህቴ እልካለሁ።" ምንም ሳያፍር፣ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብሎ ነው የተናገረው።

"ይቅርታ ጋሼ… እልካለሁ ነው ያሉት?"

"እልካለሁ። ተርጉም።"

"ውጭ አገር? በፖስታ?"

"ወንድሜ፣ የራሴን አልጨምርም አላልክም እንዴ?"

ተረጎመ። የብዕሩ ጠቅታ ቆመ። "ለምን ትላለች።"

"ለአንድ በር ሁለት ዘበኛ አልቀጥርማ! ሁለቱም ደም ማቅጠኛ ናቸው። እህቴ ደግሞ እግሯን ይይዛታል።"

ትቆጣለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቷል። እሷ ግን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ይሄ ነው ያስደነገጠው። የሚጣደፍ ሰው ሲቀመጥ ነገሩ ከባድ ነው።

"በሩ አንድ አይደለም ትላለች። ደምዎ ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉ አሉ፤ ጠፍጣፋ ናቸው፣ በጣም ትናንሽ፤ ሥራቸው የተበሳ ደም ሥር መድፈን ነው።"

"ጎሚስታ ናቸዋ።"

አስተርጓሚው ሳቁን አፍኖ ተረጎመ፤ ሐኪሟም ሳቀች። "አዎ ትላለች፤ የእርስዎዎቹ ግን ቀዳዳ በሌለበት ነው የሚለጥፉት። ደም ሥርዎ ውስጡ ሻክሯል፣ እነሱ ደግሞ የሻከረውን ቁስል ነው ብለው ያምናሉ።"

"ማን ጠርቷቸው?"

"እሱን ልነግርዎ ነው የተቀመጥኩት ትላለች።"

ነገረችው። ፕሌትሌት ብቻውን ሰላማዊ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ሳይነካካ ከደሙ ጋር ሊዞር ይችላል። የሚጠሩት ፕሮቲኖቹ ናቸው። አንዱ ፕሮቲን እንደ ረጅም ገመድ ከተጎዳው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ደሙ በጠበበ ቦታ በፍጥነት ሲወረወር ገመዱ ይዘረጋል፣ የሚያልፈውን ፕሌትሌት ይይዛል። የተያዘው ክንድ አውጥቶ ሌላውን ይጣራል። አስፕሪን የምትዘጋው እርስ በርስ ከሚጠራሩባቸው ድምፆች አንዱን ነው፤ አንዱን ብቻ። ከሁሉ የበረታው ቀስቃሽ ግን ሌላ ነው፤ ትሮምቢን ይባላል፣ ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ነው፣ በአንድ እጁ ደሙ ውስጥ ክር ይሠራል፣ በሌላው ፕሌትሌቱን ይቀሰቅሳል፤ እሱ ከመጣ አስፕሪን ያስተኛችው እንኳ ይነሳል። የተነሳው ደግሞ ጀርባውን እንደ መሥሪያ ጠረጴዛ ይሰጣል፣ ፕሮቲኖቹ እዚያ ላይ ተሰብስበው ሌላ ትሮምቢን ይሠራሉ፣ ያም ሌላ ፕሌትሌት ይቀሰቅሳል። እንዲህ እየተባባሉ ወንፊቱን ደፈኑት። ቢጫዋ የታዘዘችው ያ ቀስቃሽ እንዳይበዛ ከምንጩ እንድታሳንስ ነበር።

"ከሰዓት በኋላ ተመልሳ የእግርዎን ትርታ ታዳምጣለች። ካለ እግሩ ተረፈ ማለት ነው። ከሌለ…" አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ፣ "ከሌለ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ትላለች፣ እሱም ካልያዘ ከጉልበት በታች። ስለ እህትዎ ደግሞ፣ ሐኪም ሳያዝላት የምትውጥ ከሆነ ደም ሊፈስሳት ይችላል። ጋሼ፣ ይቺ የራሴ ናት፣ እንዳይከሱኝ፤ አሁኑኑ ይደውሉላት።"

አልደወለም። ሐኪሟ ከሄደች ቆየች፤ ስልኩ ደረቱ ላይ ነው፤ እሱ ማስቲሽ ያስባል። ከመነዳሪ ሲለጠፍ ቀዳዳው ዙሪያ በሞረድ ይሻከራል፣ ማስቲሹ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ ይጠበቃል፣ ከዚያ ልጥፉ ይጫናል። ልጥፍ ያለ ማስቲሽ ይረግፋል፣ ማስቲሽ ያለ ልጥፍ ሲነፋ ይፈነዳል፤ ሁለት ዕቃ ነው፣ ሁለት ቆርቆሮ፣ ሁለት መደርደሪያ። አንድ ደንበኛ መጥቶ፣ ሁለቱም ጎማ ማጣበቂያ ናቸው፣ አንዱን ስጠኝ ቢለው ምን ይለው ነበር? በረጅሙ ፊት ነበር የሚስቅበት። እሱ ግን ራሱ ደንበኛ ሲሆን ይህንኑ አለ፤ ልጥፉን ጠበቀ፣ ማስቲሹን ለቀቀው። ይህንንስ ተማረ፤ ያላሰበው ሌላው ነው። የሱ ማስቲሽ ዝም ብሎ ቆርቆሮው ውስጥ ይቀመጣል። የደሙ ማስቲሽ ግን ይጣራል፤ ኑ፣ እዚህ ጋ ሻክሯል፣ ልጥፍ አምጡ እያለ ሠፈር ይቀሰቅሳል። የሱቁ ማስቲሽ እንዲህ ቢጣራ ኖሮ መደርደሪያው ላይ ያለው ልጥፍ ሁሉ በአንድ አዳር ተነስቶ ደህናውን ጎማ ያለብሰው ነበር፤ ጠዋት ሲከፍት ምን ያገኝ ነበር? በልጥፍ የታፈነ ሱቅ። እግሩም ይኸው ነው። አሁን ደግሞ የባሰው፣ በዚህች ሰዓት፣ ከብሽሽቱ ቀዳዳ ላይ እነዚያው ጎሚስታዎች ሳያርፉ እንዲለጥፉ ይፈልጋል፣ ከግራ ጭኑ ወንፊት ላይ ደግሞ እጃቸውን እንዲሰበስቡ ይፈልጋል። አንድ ደም፣ ሁለት ትእዛዝ። ሐኪሟ ይህን እንዴት እንደምትመጥነው አያውቅም፤ እንደምትችል ግን ከአቀማመጧ ለይቷል፤ ሰው ለይቶ ያውቃል፣ በዚህ አይታማም።

ያልለየው እህቱን ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚያውቃትን። ብትደማስ? ጥርሷን ስትፍቅ ይጀምራታል፣ አፍንጫዋ ይቀጥላል፣ ልጆቿ ነስር ነው ብለው ውኃ ያፈሱባታል፣ እሷ ደግሞ "ወንድሜ የላከልኝ ነው" ብላ ማታ ሌላ ቢጫ ትውጣለች። ልጅ እያሉ ጉንፋን ሲይዘው የሷን ነጠላ ደርባ ታለብሰውና እየተንቀጠቀጠች አልበረደኝም ትላለች። አልበረደኝም እያለች ናት አሁንም፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላውን ይዛ፣ "አንተ ቆጣሪ፣ እስከ መቶ ሳትቆጥር እንዳትገልጠው" ትለዋለች፣ እሱም ይቆጥራል፣ ሰማንያ ላይ ስልኩ ደረቱ ላይ ተንቀጠቀጠና ከሸለብታው ነቃ።

እሷ ናት። እሁድ አይደለም፣ ግን እሷ ናት። ራሱን ቀና ማድረግ ስለማይችል ስልኩን ከፊቱ በላይ አንጠልጥሎ ያዘው።

"እትዬ።"

"ሌሊቱን ሙሉ በሕልሜ መንገድ ላይ ቆመህ አየሁህ። ምን ሆነሃል? ድምፅህ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው።"

"ተኝቼ ነው።"

"በቀን? አንተ? በል ታመሃል!"

"እትዬ፣ ስሚኝ። ቢጫዋን ዛሬ ዋጥሽ?"

"ዋጥኩ እንጂ። ምነው?"

"ከአሁን በኋላ አንድ እንዳትውጪ። ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ድድሽ ይደማል? አፍንጫሽ?"

ዝም አለች። እንዲህ ዝም ስትል ልጅ ሆና የሰበረችውን ብርጭቆ ልትናገር ነው።

"እንግዲህ ከተቆጣህም ተቆጣ" አለች። "አንዷንም አልዋጥኩም።"

ስልኩ ከእጁ አምልጦ አፍንጫው ላይ ወደቀ። ራሱን ሳያነሳ በዳበሳ አገኘው። "ምን አልሽ?"

"መጀመሪያ የላክህልኝን ይዤ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሙ እግሬን ነካካ፣ ውስጥ እግሬን ዳበሰ፣ ትርታው ደህና ነው፣ ደም ሥርሽ ምንም አልሆነም፣ የሚያምሽ ጉልበትሽ ነው አለኝ። ቅባትና ዱላ ሰጠኝ። ክኒኑን አየና፣ ይሄ ላንቺ አይደለም፣ የላከልሽ ሰው ራሱ ይዋጠው አለ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዴት ብዬ? ስልክ ባነሳሁ ቁጥር 'እግርሽ እንዴት ነው በኔ መድኃኒት?' ነው። ደስ ሲልህ በስልክ ይሰማኛል እኮ! እንዲህ ደስ ሲልህ ከዚህ በፊት የት አይቼ? ደግሞ ቢጫዋን ቀንሰህ እንደምትልክ መቼ ነገርከኝ? ተርፎህ መስሎኝ።"

"እንደ ሚዳቋ እዘላለሁ ያልሽኝስ?"

"በዱላ የምትሄድ ሚዳቋ አለች ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር!"

ሳቅ መጣበት። ሳቅና ሳል አንድ ነው ብሎ ብሽሽቱን ተጫነና ሳቀ። "ክኒኖቹስ?"

"ሁሉም አሉ። በብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጬልሃለሁ። አንድ ቀን መግባትህ አይቀርም፣ ያኔ ብትቸገር አለልህ ብዬ ነው።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። የት ነው የተኛኸው?"

ነገራት። የሚነገረውን ነገራት፤ እግሬ ደርቆብኝ ነበር፣ ከፍተውልኛል፣ ደህና ነኝ። ከጉልበት በታች የሚለውን ለራሱ አስቀረ። እሷ ግን ከሱ የባሰች ሂሳበኛ ናት።

"ያኔ ነግሬህ ቢሆን አንተ ትውጠው ነበር" አለች፣ ማልቀስ ጀመረች። "እግርህን እኔ ነኝ የቆለፍኩብህ።"

"እትዬ፣ ይሄ ሂሳብ ያንቺ አይደለም። በስልክ እግርሽን የመረመርኩት እኔ፣ የዘር ነው ብዬ የወሰንኩት እኔ፣ ሐኪሞቹ ሁለት ሲሉኝ አንድ ይበቃኛል ያልኩት እኔ። አንቺማ የላክሁልሽን ዕቃ ሳትነኪ ነው ያስቀመጥሽው፤ ከመጋዘን ጠባቂ ሌላ ምን ይፈለጋል? አታልቅሺ። ከሰዓት በኋላ እደውልልሻለሁ።"

"በሁለት እግርህ ቆመህ ደውልልኝ።"

"አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምደውለው። መቆም አልፈቀዱልኝም።"

"እንግዲያው ሁለቱንም እያየሃቸው ደውልልኝ!"

ሐኪሟ ስትመለስ አስተርጓሚ አልጠራችም፤ ለዚህኛው አያስፈልግም። እንደ ብዕር የቀጠነች መሣሪያ ይዛለች፣ ጫፏ ላይ የቀዘቀዘ ቅባት አድርጋ የግራ እግሩ የላይኛው ገጽ ላይ፣ ቁርጭምጭሚቱ ፊት አሳረፈችው። ምንም የለም። አንዲት ፀጉር ያህል ወደ ጎን አንሸራተተችው። ምንም። ጎሚስታው ትንፋሹን ያዘ። ዕድሜውን ሙሉ ጆሮውን ጎማ ላይ ደቅኖ አድምጧል፤ ፀጥታ ከተሰማው ጎማው ደህና ነው፣ ሹሽ ካለ ያፈስሳል፤ ሹሽ የሚለውን ድምፅ ጠላቱ አድርጎ ነው የኖረው፣ ዛሬ ግን ይለምነዋል፣ በልቡ፣ በገዛ ቋንቋው፣ ሹሽ በል፣ አንዴ ብቻ ሹሽ በል ይለዋል። ሐኪሟ እጇን ወደ አውራ ጣቱ ጠጋ አደረገች። ሹሽ አለ። ሹሽ፣ ሹሽ፣ ሹሽ፣ እኩል እኩል፣ ክፍሉን የሞላ ድምፅ። እሷ ቀና ብላ አየችው፣ እሱም አያት፤ ባለሙያና ባለሙያ ነበሩ። ከዚያ ትንሿን ጣቱን ጓንት ባጠለቀ እጇ ይዛ አሳየችው። ጫፏ ጠቁሯል። እሱ በእነሱ ቋንቋ፣ "ትተርፋለች?" አለ። ምናልባት አለችው፣ ምናልባት አትተርፍም፤ አውራ ጣቷን ወደ ታች አደረገች፣ ከዚያ እግሩን በሙሉ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ በእጇ ዳሰሰችና አውራ ጣቷን ወደ ላይ አነሳች።

ራስጌውን ትንሽ ከፍ አደረጉለት። ነርሷ በትንሽ ብርጭቆ ሁለት ክኒን አመጣች፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ቢጫ። ቢጫዋን በጣቱ አንስቶ ወደ መስኮቱ አዙሮ አያት። ስምንት ወር ሙሉ ይህችን የዋጠ ሰው አልነበረም፤ እሱ ልኮ አልዋጠ፣ እሷ ተቀብላ አልዋጠች፣ መንገደኞቹ ተሸክመው አልዋጡ። ሁለቱንም በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጠ። ከዚያ ለረጅሙ ደወለ፣ የጓሮው በር ተዘግቷል፣ "አለቃ፣ መጋረጃውንም ስቤልሃለሁ" አለው። ከዚያ ለእህቱ ደወለና ሁለቱንም እግሮቹን እያየ፣ "አሉ" አላት።

ሲመሽበት፣ ዓይኑ መክበድ ሲጀምር፣ ልማዱ ነውና ሂሳቡን ዘጋ። የገባው አንድ እግር ነው፣ የግራው፣ ከጉልበት በታች በሙሉ፣ ምናልባት አንዲት ጣት ሲቀነስ፤ ጣቷም ጫማ ውስጥ የምትውል ናት፣ ሰው አያያትም፣ ይቺ ብቻዋን ኪሳራ አትባልም። በኪሳራ በኩል አንድ ቆርቆሮ ሙሉ መድኃኒት አለ፣ አንድ ሌሊት አለ፣ ሰጥቻለሁ እያለ የኮራበት ስምንት ወርም አለ፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ትንሽ አመመው፣ ምክንያቱም ያልተዋጠ ስጦታ ስጦታ ሊባል አይችልም፣ ዕቃ ማመላለስ ነው። የቀረው የእሁዶቹ ስልክ ነው። እንደ ሚዳቋ ነው የምዘለው። ሐሰት ነበር፣ እያንዳንዷ። ዱላዋን ይዛ ቆማ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ እሱ እንዲደሰት ብላ ዘለለች። ሻይ እያፈላ ለራሱ የሳቀባቸው እሁዶች ሁሉ ከየት ናቸው? በሐሰት የገባ ገንዘብ ቢሆን ይመልሰው ነበር፤ ይሄን ግን ለማን ይመልሰዋል? በኪሳራ በኩል ሊያኖራቸው እጁን አንስቶ ነበር፤ ብዙ አመነታ፣ ኮሪደሩ ላይ የነርሷ እርምጃ እየራቀ ሄደ፣ እግሩ ከብርድ ልብሱ ሥር እየሞቀ መጣ። በትርፍ በኩል አስቀመጣቸውና ተኛ።